ድንጉጥ ጫጩቶችን ከእጅ ጋር ማላመድ፦ እስካሁን ያየሁት

ጫጩቶቼ እጄን ባዩ ቁጥር መበርገጋቸውን እየተዉ ነው። በዚህ ዙር ከሁሉም በላይ የረዳኝ እጄ የሚገባበትን አቅጣጫ መለወጤ ነው። ጫጩት ከላይ የሚወርድባትን ነገር ሁሉ እንደ ጭልፊት ትቆጥረዋለች፤ ይህን ፍርሃት ማንም አላስተማራትም፣ አብሯት የተፈለፈለ ነው። ስለዚህ ከሳጥናቸው ጎን ዝቅ ያለ በር አበጀሁ። መኖውም ውሃውም እጄም የሚገቡት በዚያ ብቻ ነው። ለውጡ ወዲያው ታየ፤ ማዕዘን ላይ ተደራርቦ መተፋፈግ ቀረ።

ቀጥሎ መዳፌ ላይ መኖ አድርጌ ጉዝጓዙ ላይ መዘርጋትና ዝም ብሎ መጠበቅ ጀመርኩ። ደፋሯ አንገቷን ትሰግጋለች፤ በአንድ ዐይኗ ታያለች፣ ጭንቅላቷን አዙራ በሌላው ትመረምራለች፣ ከዚያ አንዲት ፍሬ ለቅማ ትሸሻለች። እሷ ስትለቅም ያዩት ሌሎቹ ይከተላሉ። በዚህ ሰዓት ጣት እንኳ ማንቀሳቀስ አይገባም።

ቶሎ መጀመር ዋጋ አለው። ዳግላስ ስፓልዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በ1873 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ዐይናቸው ተሸፍኖ እስከ 4ኛው ቀን ገደማ የቆዩ ጫጩቶች ሽፋኑ ሲነሳላቸው ከእሱ በድንጋጤ ሸሹ፤ ቀደም ብሎ የተገለጠላቸው ግን ይከተሉት ነበር። ፍርሃቱ ከተፈለፈሉ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይበረታል ማለት ነው። ያለፈበትም ቢሆን ይላመዳል፤ ትዕግሥቱ ነው የሚበዛው።

ማንሳት የምጀምረው በራሳቸው ፈቃድ መዳፌ ላይ ሲወጡ ነው። ከሥር እግራቸውን እደግፋለሁ፣ ሌላኛውን እጄን ጀርባቸው ላይ ሳልጫን አሳርፋለሁ። ደረታቸውን መጨበጥ አደገኛ ነው፤ ወፎች ድያፍራም (ደረትን ከሆድ የሚለይ የመተንፈሻ ጡንቻ) ስለሌላቸው የሚተነፍሱት የደረት አጥንታቸውን እያንቀሳቀሱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙቀት ስለሚያስፈልጋቸውም ከጥቂት ደቂቃ በላይ አላቆያቸውም። ሳልሞኔላ የተባለ ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊይዙ ስለሚችሉ ከነካኋቸው በኋላ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። እጅ ላይ ድርቅ ብላ የተኛች ጫጩት ሁልጊዜ ተላምዳለች ማለት አይደለም። አዳኝ እጅ የገባ ወፍ በፍርሃት ደርቆ ይቀራል፤ ብዙ ሰው ይህን እንደ መረጋጋት ይወስደዋል። እኔ የምተማመነው በድምፃቸው ነው። ለስለስ ያለ፣ የተቀጣጠለ ጭውጭውታ ደስ ያላት ጫጩት ድምፅ ነው። ጮክ ያለና የሚደጋገም ጩኸት ከሆነ ወደ ጓደኞቿ እመልሳታለሁ።

አሁን የምሞክረው መኖ ከመስጠቴ በፊት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ እያሰማሁ መጥራትን ነው። ውጭ ሲለቀቁ እያባረሩ መያዝ የተገኘውን ሁሉ ያፈርሳል፤ በጥሪ መሰብሰብን ሳጥን ውስጥ ሳሉ ቢለምዱት ይሻላል። ጥቂቶቹ ድምፄን ሲሰሙ ወደ በሩ መሮጥ ጀምረዋል።