በረሮዋ ጨረር አትፈራም

ድሬዳዋ የራጅ ፊልም በእጅ እናጥብ በነበረበት ጊዜ ነው። የጨለማ ክፍላችን ጨለማም፣ እርጥበትም፣ ሙቀትም ስለነበረው በረሮው ከእኛ ቀድሞ ሥራ ይገባ ነበር።

አንጋፋው ባለሙያ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ «አቦ ተዋቸው፣ ጨረሩ ይጨርሳቸዋል» ይሉ ነበር። ማስረጃም ነበራቸው። ቦታ ለማስተካከል የራጅ ማሽኑን መብራት ሲያበሩ ግድግዳው ላይ ያለችው በረሮ እግሬ አውጪኝ ትላለች። «አየህ? ተሰማት!» መብራቱ ተራ አምፖል እንደሆነና ጨረሩ የሚወጣው ቁልፉ ሲጫን ብቻ እንደሆነ ተምሬ ሳለሁ፣ እኔም አብሬ አመንኩ።

አንድ ቀን ከቀፊራ የመጡ እናት ደረት አነሳን። ሳንባቸው አናት ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጭ ነጥብ አለች። ሐኪሙ የድሮ ቲቢ ጠባሳ ጠረጠረ። «ልጄ፣ ምን አገኛችሁብኝ?» ብለው እጄን ያዙኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከሰዓት በኋላ የአንድ ወጣት ሆድ ፊልም ሳጥብ ያቺው ነጥብ እዚያው ጥግ ላይ ብቅ አለች። የሳንባ ጠባሳ ሆድ ውስጥ ምን ይሠራል? ካሴቱን፣ ፊልሙ የሚገባበትን ጠፍጣፋ ሣጥን፣ ከፈትኩት። አንድ ግልገል በረሮ ከውስጥ ፊልሙ የሚያርፍበት ስክሪን ላይ ተጨፍልቃ ደርቃለች። ፊልሙን በዋናነት የሚያጠቁረው ጨረሩ ሲመታው ስክሪኑ የሚሰጠው ብርሃን ነው፤ እሷ የሸፈነችው ቦታ ነጭ ሆኖ ቀረ።

ንዴቴ አልበርድ ሲለኝ ማታ አንዲት በረሮ በብርጭቆ ጠርሙስ ይዤ፣ ማሽኑ ስር አስቀምጬ፣ የማሽኑን መብራት ሳላበራ ቁልፉን ተጫንኩ። ጨረር ከሚከልለው የሊድ መስታወት ጀርባ ሆኜ ሳያት አንቴናዋን በአፏ እየሳበች ታጸዳለች። ደገምኩ። አሁንም ጽዳቷ ላይ ናት። መብራቱን ሳበራ ግን ጠርሙሱን ልትሰብረው ደረሰች!

ነገሩ ግልጽ ነው። ሰውን ሕክምና ካላገኘ ለመግደል በአንዴ ከ4 እስከ 5 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ይበቃል፤ በረሮ ከዚያ ብዙ እጥፍ ትችላለች። ጨረር አብዝቶ የሚጎዳው በመከፋፈል ላይ ያለ ሴልን ነው፣ የእሷ ሴሎች ደግሞ በብዛት የሚከፋፈሉት ቆዳዋን ስትቀይር ነው። የደረት ፊልም የአንድ ግሬይ 1/10,000ኛ ገደማ ነው። ምኗ ይነካል?

በማግስቱ እናትየውን አስጠርተን በንጹሕ ካሴት ደገምንላቸው፤ ሳንባቸው ጥርት ያለ። ያለ ጥፋታቸው ሁለት ጊዜ መነሳታቸው እስካሁን ይከነክነኛል። አፍሬ እውነቱን ነገርኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ እየሳቁ፣ «በረሮ ከሆነማ ቤቴም ሞልቷል።»