ሚዛኑ በቆመባቸው ሳምንታት

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ክብደቴ 94 ኪሎ ደርሶ፣ የደም ግፊቴም ከፍ ብሎ ስለተገኘ ክብደት ለመቀነስ ወሰንኩ። የእራት እንጀራዬን በግማሽ ቀነስኩ፣ ሻይና ቡና ያለ ስኳር መጠጣት ለመድኩ፣ ከሥራ ስወጣም ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት 2 ኪሎ ተኩል ስለቀነስኩ እጅግ ተደሰትኩ። በሁለተኛው 300 ግራም ብቻ ቀነስኩ፤ በሦስተኛው ምንም ለውጥ አልነበረም፤ በአራተኛው ጭራሽ 400 ግራም ጨመርኩ። ያን ዕለት ሁሉንም ለመተው ተቃርቤ ነበር።

ነርስ የሆኑት ታላቅ እህቴ ጭንቀቴን ከሰሙ በኋላ በቅድሚያ የጠየቁኝ የት እንደምመዘን ነው። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡ ልጆች ዘንድ፣ አንድ ቀን ጠዋት ሌላ ቀን ማታ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ እንደምመዘን ነገርኳቸው። «አንተ ልጅ፣ ጫማህንና ምሳህንም አብረህ ስትመዝን ነው እኮ የከረምከው» አሉኝ።

ከዚያም ነገሩን ከሥሩ አስረዱኝ። ሰውነታችን ከእህል የሚያገኘውን ኃይል በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን አድርጎ ሲያከማች ከእያንዳንዱ ግራም ጋር 3 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል፤ ምግብ ስንቀንስ ክምችቱ ስለሚጎድል ውሃው አብሮ ይወጣል። ያ ያስደሰተኝ 2 ኪሎ ተኩል በአብዛኛው ውሃ ነበር ማለት ነው። ስብ ግን የሚቀንሰው በዝግታ ነው፤ 1 ኪሎ ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ስለሚይዝ፣ በየቀኑ 500 ካሎሪ የቀነሰ ሰው በሳምንት ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላለትም። በዚያ ላይ ጨው የበዛበት ወጥ፣ ወይም ጡንቻን ያደከመ አዲስ እንቅስቃሴ፣ ሰውነት ለጥቂት ቀናት ውሃ እንዲይዝ ስለሚያደርግ፣ ስቡ እየቀነሰም ሚዛኑ ሊቆም ይችላል። ይህን ስሰማ ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ መግባቱን አስታወስኩ፤ አይቼው ነበር፣ ከቁምነገር ግን አልቆጠርኩትም።

ከዚያ በኋላ ቤቴ ባለ አንድ ሚዛን ላይ ብቻ፣ ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ቁርስ ሳልቀምስ እመዘን ጀመር፤ የማነጻጽረውም የአንዱን ሳምንት አማካይ ከሌላው ጋር ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ ወገቤን በልብስ ሰፊ ሜትር እለካለሁ።

ሆኖም ትዕግሥት ዓይንን መጨፈን እንዳልሆነ የተረዳሁት በነቢያት ጾም ነው። ጾሙ በራሱ ያከሳኛል ብዬ ሳስብ፣ አማካዩም ወገቤም ለአራት ሳምንታት ንቅንቅ አላሉም። ይህ የውሃ ጉዳይ ሊሆን አይችልም ብዬ ወደ ድስቱ ብመለከት፣ ሽሮውም አትክልቱም በዘይት የጠገበ ነበር፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል አለው። ባለቤቴ ዘይቱን በማንኪያ እየለካች መጨመር ከጀመረች በኋላ ቁጥሩ እንደገና መውረድ ጀመረ።

በጥምቀት ሰሞን ሚዛኑ በሁለት ቀን ውስጥ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ጨመረ። ቁጥሩን በደብተሬ ጽፌ እንደ ወትሮው በእግሬ ወደ ፒያሳ ወረድኩ፤ በአምስተኛው ቀን ወደነበረበት ተመለሰ። የካቲት ሲገባ 87 ኪሎ ነበርኩ።