ለዱር እንስሳት የሚዘራ ማገጥ

የካቲት እያለቀ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ ሸናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ፣ መሬቱ ጠዋት በውርጭ ደርቆ ይጠብቀኛል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ጭቃው ጫማ ይዞ አይለቅም። ማገጥ (በእንግሊዝኛ ክሎቨር የሚባለውን መኖ) ለመዝራት ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ሌሊት አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን መሬቱ ያብጥና ይሰነጠቃል፤ ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ቀልጦ ስንጥቁ ይገጥማል። ላዩ ላይ የተበተነው ዘር ሳይታረስለት በዚያው ይገባል።

የነጭ ማገጥ ዘር ደቃቅ ነው፤ ከጤፍ ብዙም አይተልቅም። ለአንድ ኤከር ከ5 እስከ 8 ፓውንድ ይበቃዋል። ይህን ያህል ትንሽ ዘር እኩል መበተን ስለሚያስቸግር አሸዋ ደባልቄ፣ ማሳውን መጀመሪያ በቁመቱ ከዚያም በአግድሙ እየሄድኩ እበትነዋለሁ። ቢጫው ዘር በረዶው ስንጥቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይታያል።

ጎጃም ያለችው እናቴ በስልክ ሰምታኝ፣ "ልጄ፣ ለአውሬ ነው የምትዘራው?" አለችኝ። ብትገረም አይፈረድባትም። አባቴ በቆሎው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ዝንጀሮና ከርከሮ ሲከላከል ነው ያደግነው።

"እማዬ፣ እዚህ አውሬው የሚራበው አሁን ነው" አልኳት። በመጸው፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት፣ የወደቀው የኦክ ዛፍ ፍሬ አልቋል፤ አጋዘኖቹ፣ የዱር ቱርክ ዶሮዎቹና ሽኮኮዎቹ ለቅመው ጨርሰውታል። አዲስ ቅጠል ገና አልወጣም። አጋዘን የቀረው የቁጥቋጦ ጫፍና ገላው ላይ ያለው ስብ ብቻ ነው። ኅዳር ላይ የተጠቁት እንስቶች የሚወልዱት ደግሞ ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ ስለሆነ፣ ሆዳቸው ውስጥ ያለው ግልገል በፍጥነት የሚያድገው በዚሁ በባዶው ወቅት ነው።

"እንግዲያማ ለእርጉዝ ነው በለኛ" አለች። ከዚያ በኋላ ዝናብ ጣለ ወይ እያለች ትጠይቀኛለች።

የዛሬው ዘር ለዘንድሮው ረሃብ አይደርስም። የሚደርሰው ወልደው ለሚያጠቡት እናቶች ነው። ነጭ ማገጥ በደንብ ከያዘ ግን ዓመታት ይቆያል፤ በሚቀጥለው ዓመት ከሁሉ ቀድሞ ይለመልማል። ፕሮቲኑም ከ20 በመቶ በላይ ነው። የዱር ቱርክ ጫጩቶች ደግሞ በመጀመሪያ ሳምንታቸው የሚኖሩት በነፍሳት ነው፤ ማገጥ መካከል ነፍሳት ሞልቷል።

ብዙ ሰው ግን ገንዘቡን ያለ ቦታው ያወጣዋል። ባለ ትልቅ ቀንድ አጋዘን የታተመበትን ውድ ከረጢት ይገዛና አፈሩን ሳያስመረምር ይዘራል። ዋናው ጉዳይ አፈሩ ነው። የዚህ አካባቢ የጫካ ዳር መሬት አሲዳማ ነው፤ ማገጥ የሚወደው ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ6 እስከ 7 ነው። አሲዱ ሲበረታ ፎስፈረሱ አፈሩ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል፣ ሥሩ ላይ ናይትሮጅን የሚሠሩት ባክቴሪያዎችም ይደክማሉ። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ኖራ ግን አፈሩን ለመለወጥ ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ የእኔን ማሳ ኖራ ያለበስኩት ባለፈው መጸው ነው። ወንድሜም ከጎጃም በደወለ ቁጥር የሚያነሳው ይህንኑ የአሲድና የኖራ ጉዳይ ነው። ዩሪያ ግን እዚህ አያስፈልግም። ዘሩ ከባክቴሪያው ጋር ከተዘራ ናይትሮጅኑን ከአየር ያገኛል፤ ዩሪያ ቢጨመር ሣሩ ጠንክሮ ማገጡን ይውጠዋል።

በቆሎ መሬት ላይ ከምሮ መመገብ ይቀላል የሚሉኝ አሉ። አልስማማም። በቨርጂኒያ ሕግ ቢያንስ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ጃንዋሪ የመጀመሪያው ቅዳሜ ድረስ አጋዘን መመገብ ክልክል ነው፤ ማሳ መዝራት ግን ይፈቀዳል። ክምር ላይ አፍ ለአፍ ሲገናኙ ምራቅ ይቀላቀላል፣ የአጋዘን አንጎል የሚያጠፋው በሽታም አንዱ መተላለፊያው እሱ ነው። ያ በሽታ መድኃኒት የለውም፤ ከዚህ ብዙ በማይርቀው ፍሬድሪክ ካውንቲ ውስጥም ተገኝቷል። ማሳ ላይ ግን ተበታትነው እየነጩ ያልፋሉ።

አሁን የቀረኝ መሀል ላይ አንድ ክብ የሽቦ አጥር ማቆም ነው። አጥሩ ውስጥ ያለው ማገጥ አይበላምና፣ ሚያዝያ ላይ ከውጪው ጋር ሳስተያየው ምን ያህል እንደበሉ ይታየኛል። ከጫካው ጋር የሚያዋስነውን ረጅም ሣርም አላጭደውም፤ እናቶቹ ግልገሎቻቸውን የሚደብቁት እዚያ ነው።