መሪ ሲመጣ ሆቴል የሚዘጋጀው እንዴት ነው?

ካዛንቺስ ያለ ሆቴል ውስጥ የዝግጅት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ በደረሰ ቁጥር መሪዎች ያርፉብናል። የመሪ ጥበቃን የማውቀው በጓሮ በር በኩል ነው ማለት ይቻላል።

ጠባቂ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጥቁር መነጽርና ሽጉጥ ነው። እኔ ያየኋቸው ግን አብዛኛውን ሥራ የሚጨርሱት እንግዳው ከአገሩ ሳይነሳ ነው። አስቀድሞ አንድ ቡድን ይመጣል፤ የእንግዳው ጠባቂዎችና የኛዎቹ አብረው። ከመኪና መውረጃው እስከ ሊፍቱ፣ ከሊፍቱ እስከ ክፍሉ ሰዓት ይዘው ይሄዳሉ። ተመልሰው እንደገና ይሄዱታል። ከዚያ ጥያቄው ይዥጎደጎዳል። ይህ በር የት ያወጣል? ቁልፉ ማን ጋ ነው? መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ቶሎ ይነሳል? ቅርብ ያለው ሆስፒታል የትኛው ነው?

የኛው ጠባቂ የሆኑ አንድ ጠና ያሉ ሰው አይረሱኝም። ኮሪደሩ መሐል ቆመው ኮርኒሱን ሽቅብ ያያሉ። "እህቴ፣ ይቺ ክዳን መቼ ነው የተከፈተችው?" አሉኝ። የጥገናውን ልጅ ጠራሁት። መሰላል መጣ፣ ተከፈተ፣ በባትሪ ታየ፣ ተዘጋ። ጠርዙ ላይ የተፈረመበት ወረቀት ተለጠፈ። ወረቀቱ ተቀዶ ከተገኘ ሰው ነክቶታል ማለት ነው፤ ፍተሻው ከዜሮ ይጀመራል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለሚበዛበት ሰው ቦሌ መንገድ ሩቅ አይደለም። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ከኤርፖርት ወደ ያኔው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ ሲያመሩ ታጣቂዎች መንገድ ዘግተው ተኮሱባቸው። ከአገራቸው ያስመጧት ጥይት የማይበሳት መርሴዲስ አተረፈቻቸው። መኪናዋ እዚያው ዞራ ወደ ኤርፖርት ተመለሰች፤ እሳቸውም ካይሮ ገቡ። ሁለት ኢትዮጵያውያን ፖሊሶች ግን ሞቱ። ስለዚያ ቀን ሲወራ የእነሱ ነገር ብዙም አለመነሳቱ ያንገበግበኛል።

የጠባቂ ሥራ ሰውየውን ከቦታው ማውጣት ነው፤ ቆሞ መታኮስ በኋላ የሚመጣ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን እ.ኤ.አ. በ1981 ዋሽንግተን ውስጥ ከሆቴል ሲወጡ በተተኮሰባቸው ጊዜ፣ ጠባቂያቸው ጄሪ ፓር መኪና ውስጥ ገፍትሮ አስገባቸው። ጉዞው ወደ ዋይት ሀውስ ነበር። ከአፋቸው ደም ሲያይ ግን ወደ ሆስፒታል አስዞረው። "ቅርብ ያለው ሆስፒታል የትኛው ነው?" የሚለው ጥያቄ ለወግ ያህል የሚጠየቅ አይደለም።

እኔም ከእነሱ ተምሬ አሠራሬን ለወጥኩ። ጉባኤው ሳይቃረብ የሠራተኞቹን ስም በየፈረቃው ጽፌ አስቀምጣለሁ። በእነዚያ ቀናት ፈረቃ መለዋወጥ አይቻልም፤ "እሱ ታሟል፣ እኔ ልግባለት" ብሎ ነገር የለም። ሁላችንም የምናውቀው ሰው ቢሆንም ባጅ ከሌለው አይገባም። የበሮቹ ቁልፍ ሁሉ አንድ ሰው ጋ ይሆናል፤ ያ ሰው ደግሞ ስልኩን አያጠፋም።

ሆቴል የምትሠሩ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቡድኑ ሲመጣ ከሥራ አስኪያጁ በፊት የጥገናውን ሰው ጥሩ። ሕንፃውን የሚያውቀው እሱ ነው።