የጤና ጣቢያ ቦርድ ገብቼ መድኃኒት የት እንደሚጠፋ ስፈልግ

ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ ቦርድ እንዳለው ብዙ ሰው አያውቅም። ካርድ ክፍሉን ሁሉም ያውቃል፣ ፋርማሲውን ሁሉም ያውቃል፣ ኃላፊውን ደግሞ የተናደደ ሁሉ ያውቃል። ከነዚህ በላይ ዕቅድና በጀት የሚያጸድቅ ቦርድ እንዳለ ግን እኔም የሰማሁት እንድገባ ስጠየቅ ነው። የእኛው ሰብሳቢ ከወረዳ ነው፣ ጸሐፊው የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ከፋይናንስ አንድ ሰው አለ፣ ከሠራተኛው ተወካይ አለ፣ የቀረነው ከነዋሪው ነን።

የምኖረው በአቃቂ በኩል፣ ከተማው ሊያልቅ ሲል ካሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች በአንዱ ነው። የእድራችን ዳኛ "አንተ ጡረታ ወጥተሃል፣ ጊዜ አለህ፣ መጻፍም ትወዳለህ፣ ግባልን" አለኝ። ምርጫው ይኸው ነበር። ዕድሜዬን የጨረስኩት ፋብሪካ ውስጥ፣ ንብረት ክፍል ነው። ስለ ሕክምና የማውቀው መርፌ ሲወጉኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞር ብቻ ነው።

መጀመሪያ የገባሁበት ስብሰባ ሪፖርት በማንበብ አለቀ። ሁሉም ነገር በፐርሰንት ነው። ክትባት ይህን ያህል፣ ወሊድ ይህን ያህል፣ ክንውኑ ደስ ይላል። ሰብሳቢው ስልክ እየመጣበት ይወጣል ይገባል። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤ ዞረ፣ ሁሉም ፈረመ። እኔ ልሂድና ቤቴ አንብቤ ልምጣ ስል ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። ክፋት አልነበረውም፣ እንደዚያ ያለ ሰው ስላልመጣ ነው። ለአዲስ አባል የምለው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ አጀንዳውንና ወረቀቱን ከስብሰባው በፊት ጠይቁ። ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ የ20 ገጽ ሪፖርት አንብቦ የሚጠይቅ ሰው የለም።

ቤቴ ሄጄ ሳነብ የገባኝ ቦርዱ እጅ ላይ ያለው ትልቁ ነገር ገንዘብ መሆኑ ነው። ድሮ ጤና ጣቢያ ከካርድና ከመድኃኒት የሚሰበስበው ብር ወደ መንግሥት ካዝና ነበር የሚገባው። በ1990 ዓ.ም. የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ከወጣ በኋላ ቀስ በቀስ ያ ተቀየረና የሚሰበሰበው እዚያው ቀርቶ ለመድኃኒት፣ ለዕቃ፣ ለጥገና እንዲውል ተፈቀደ። የውስጥ ገቢ የሚሉት እሱን ነው። ከመደበኛው በጀት ተጨማሪ ነው፣ ምን ላይ እንደሚውል ዕቅዱን የሚያየውና የሚያጸድቀው ደግሞ ቦርዱ ነው። እኛ ግን የምናወራው ስለ ፐርሰንት ነበር።

ሰፈሩ ግን የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። መድኃኒት የለም። በተለይ የጤና መድን ያለው ሰው ይናደዳል። የማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሙከራ ተጀምሮ ነው ቆይቶ እኛ ጋ የደረሰው፤ ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ቤተሰቡ ለዓመቱ ይከፍላል፣ ሲታመም ኪሱን አይዳብስም። የስኳር ታማሚ የሆኑ አንዲት የፎቃችን እናት "ልጄ፣ ደብተሩን እይዛለሁ፣ መድኃኒቱን ከውጭ እገዛለሁ፣ ታዲያ መድኑ ለደብተሩ ነው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ፋርማሲው መስኮት ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። ጠዋት 2 ሰዓት እሄዳለሁ፣ ማስታወሻ ደብተር እይዛለሁ፣ "የለም" ተብሎ የሚመለሰውን ሰው "ምን ነበር የታዘዘልዎት?" እላለሁ። ሰው ማዘዣውን ራሱ ያሳያል፣ ብሶቱንም ይጨምርበታል። የሰው ስም አልጽፍም፣ የመድኃኒቱን ስም ብቻ። የታማሚ ጉዳይ የታማሚው ነው፣ ቦርድ ሆንኩ ብሎ ካርድ ማገላበጥ አይቻልም። ትንሽ ቆይቶ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ታየ። የሚጠፋው ሁሉም መድኃኒት አልነበረም። ተደጋግመው የሚመጡት ጥቂቶች ነበሩ፤ የስኳሩ ሜትፎርሚን፣ የግፊት መድኃኒቶች፣ የልጆች አሞክሲሲሊን ሽሮፕ። የቲቢ፣ የኤች አይ ቪ፣ ክትባትና የቤተሰብ ዕቅድ በነጻ የሚሰጡና በሌላ መንገድ የሚመጡ ስለሆኑ እነሱ ላይ ብዙ ቅሬታ አልነበረም።

ከዚያ ስቶሩን ልይ አልኩ። የስቶሩ ፋርማሲስት ልጅ ናት፣ ጎበዝ ናት፣ ግን ፊቷ ጠቆረ። "አባባ፣ ኦዲት ነዎት እንዴ?" አለችኝ። "የለም ልጄ፣ እኔም እንዳንቺው ስቶር ኪፐር ነበርኩ፤ የዕቃ ገቢና ወጪ ደረሰኝ፣ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ስፈርም ነው ጸጉሬ የሸበተው" አልኳት። ሳቀች። በሩ የተከፈተው በሳቋ ነው ብል አላጋነንኩም፤ እንደ ቦርድ አባል ኮስተር ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ደብዳቤ አምጣ ትለኝ ነበር፣ ደብዳቤው ደግሞ መቼም አያልቅም።

ስቶሩ ጠባብ ነው። መደርደሪያው ሞልቶ ካርቶን መሬት ላይ፣ ከእንጨት ፓሌት በላይ ተደርቧል። ከእያንዳንዱ መድኃኒት ሥር ቢን ካርድ የሚሉት የክምችት መቆጣጠሪያ ካርድ በክር ተንጠልጥሏል። የሜትፎርሚኑን አነሳሁ። ጠርዙ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል፣ ጽሑፉ ግን ጥርት ያለ ነው፤ የገባ፣ የወጣ፣ ቀሪ። ቀሪው ዜሮ አይልም! ዞር ብዬ መደርደሪያውን ሳይ ሣጥኖቹ አሉ። በዚያው ጠዋት መስኮቱ ላይ ሁለት ሰው "የለም" ተብሎ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩ ሌብነት አልነበረም። ሰው ወዲያው ወደዚያ ይሄዳል፣ እኔም ልቤ ሄዶ ነበር። የስቶሩ ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው፤ ያ ሰው ሥልጠና ሲሄድ ወይም ወረዳ ስብሰባ ሲጠራ መስኮቱ ላይ ያለው ሲያልቅ የሚያወጣ የለም። ይሄ ያለ አንዲት ሳንቲም የሚፈታ ነገር ነው። ሁለተኛ ቁልፍ በርክክብ ፊርማ ተሰጠ፣ ከስቶር ወደ መስኮት የሚወጣበት ቋሚ ቀን ተቆረጠ። አለቀ።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ራስ ያዞራል፣ ታገሡኝ። ጤና ጣቢያ በየ2 ወሩ ሪፖርትና ጥያቄ በአንድ ቅጽ ለመንግሥት የመድኃኒት አቅራቢ ይልካል። ቢበዛ የ4 ወር፣ ቢያንስ የ2 ወር ክምችት እንዲኖረው ነው የሚታሰበው። የሚጠየቀው መጠን የሚሰላው ባለፈው 2 ወር በወጣው ነው። እሺ፣ ሰፈሩ በወር 1,000 ፍሬ የሚፈልገው መድኃኒት አለ እንበል። ከ2 ወሩ 1 ወር ሙሉ ጠፋ። የወጣው 1,000 ብቻ ነው፣ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ሰፈሩ በወር 500 ይበቃዋል። ለቀጣዩ ጊዜ በ500 ሒሳብ ይጠየቃል፣ ያም ቶሎ ያልቃል፣ እንደገና ያነሰ ይጠየቃል። ያልወጣ ሁሉ አልተፈለገም ተብሎ ይቆጠራል። ቅጹ ላይ መድኃኒቱ ስንት ቀን እንደጠፋ የሚሞላበት ቦታ አለ፣ ሥራ የበዛበት ሰው ግን ያልፈዋል።

በዚህ ላይ የእኛን ሰፈር ጨምሩበት። ኮንዶሚኒየም እጣ ወጥቶ ቁልፍ በተሰጠ ቁጥር ብሎኮቹ ይሞላሉ፤ ተከራዩ፣ ባለቤቱ፣ ዘመዱ። የከተማ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ሰው ተብሎ ነው የሚታቀደው፣ ዳር ያለ ሰፈር ግን ዕቅድ አይጠብቅም። የዛሬውን ሰፈር በአምናው ፍጆታ ብታሰላው መድኃኒት ሊኖር አይችልም። ፋብሪካ እያለሁ የመለዋወጫ ዕቃ ላይ ይሄው ነበር የሚያጋጥመን፤ ማሽን ተጨምሮ ጥያቄው የድሮው።

ለዚህ ያደረግነው መስኮቱ ላይ አንድ መዝገብ ማስቀመጥ ነው። የተመለሰ ማዘዣ ሁሉ የመድኃኒቱ ስምና መጠኑ ይጻፋል፣ በ2 ወሩ መጨረሻ ከወጣው ላይ ይደመራል። ፋርማሲስቶቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ እውነታቸውን ነው፣ ሰልፉ ደጅ ደርሶ ማን ይጽፋል። ልጅቷ ናት መላ ያመጣችው። በብዛት የሚጠፉትን መድኃኒቶች ስም አስቀድማ በረድፍ ጻፈችና አሁን መስመር መጫር ብቻ ሆነ። ከኔ ሐሳብ የሷ መስመር ይሻላል።

ሦስተኛው ከእኛ አቅም በላይ ያለው ነው። አንዳንዴ አቅራቢው ራሱ ጋ የለም። ያኔ ከግል መግዛት ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ "የለም" የሚል ማህተም ያለበት ወረቀት ማምጣት አለብህ፣ ከዚያ ፕሮፎርማ ትሰበስባለህ፣ ከዚያ በዕቅዱ ላይ ለዚያ የተያዘ ብር መኖር አለበት። እኛ ጋ ገመዱ የሚበጠሰው መጨረሻው ላይ ነው። ከውስጥ ገቢው ለመድኃኒት የተያዘው በዓመቱ አጋማሽ ያልቃል፤ ለአጥር ቀለም፣ ለስብሰባ ወንበርና ለአረንጓዴ ቦታ የተያዘው ግን እስከ ሰኔ ይቆያል፣ ሰኔ ላይ ደግሞ በጀት እንዳይቃጠል ሩጫ ነው።

እዚህ ላይ ተጨቃጨቅን። "ግቢው ካልተዋበ ነጥብ ይቀንሱብናል" ያለ ነበር። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ የእኚያን እናት ነገር ተናገርኩ፣ ሁሉም ከንፈሩን መጠጠ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፈ። ሲወጡ የፋይናንሱ ሰውዬ፣ በስብሰባ አንድ ቃል የማይተነፍሰው፣ ጠጋ ብሎ "ጋሼ፣ ንግግሩ ደስ ይላል፣ ግን የበጀት ኮድ የለውም" አለኝ። ሻይ ጋበዝኩት። ብር ከየትኛው የበጀት መደብ ወደ የትኛው እንደሚዛወር፣ ጥያቄው ከሐምሌ 1 በፊት መግባት እንዳለበት፣ ወረዳ ፋይናንስ ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደሚቀበል ሁሉንም ናፕኪን ላይ ጻፈልኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ ያመጣሁት አንድ ገጽ ነበር፤ የተመለሱት ማዘዣዎች ብዛት በመድኃኒት፣ የሚያስፈልገው ብር፣ የሚዛወርበት መደብ። ሰብሳቢው ስልኩን አስቀምጦ አነበበው። ቀለሙ ቀረ፣ ወንበሩ ተቀነሰ፣ አረንጓዴ ቦታው አልተነካም። እሱን ሰብሳቢው በጣም ይወደዋል፣ ተውኩለት።

ከሁሉ ርካሹና ሰው የወደደው ግን ሌላ ነው። በር ላይ ሰኞ ሰኞ ያልገቡት መድኃኒቶች ዝርዝር ይለጠፍ አልኩ። "ገበናችንን አደባባይ ልታወጣ ነው" ተብዬ ነበር። ሰው ግን ገበናውን ያውቀዋል፤ የማያውቀው ከካርድ ክፍል እስከ ፋርማሲ ግማሽ ቀን ተሰልፎ ባዶ እጁን እንደሚመለስ ነው። አሁን ዝርዝሩን አይቶ ማዘዣውን ይዞ በቀጥታ ከነማ ፋርማሲ የሚሄድ አለ። ስድብም ቀንሷል፣ ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ፋርማሲስቶቹ ናቸው።

የማይነገር ነገርም ልናገር። ቦርድ ስትገባ ሰፈሩ አንተን ባለሥልጣን ያደርግሃል። ልጄን በጽዳት አስቀጥርልኝ፣ ሪፈር አስጽፍልኝ፣ ከሰልፍ አስቀድመኝ። አንዱን እሺ ካልክ ኃላፊው ፊት አፍህ ይያዛል። ሌላው፣ ባለሙያን ሰው ፊት አትክሰስ። ስቶሩ ውስጥ ጊዜው ያለፈበት ካርቶን ባየሁ ጊዜ ለልጅቷ ለብቻዋ ነገርኳት፤ ቀድሞ የሚያልፍበት ቀድሞ እንዲወጣ ከፊት መደርደር እንዳለበት እሷ ከኔ በተሻለ ታውቃለች፣ ቦታ ስላጣች ነው። ለስብሰባው ያቀረብኩት ካርቶኑን ሳይሆን የመደርደሪያ ጥያቄ ነው። መደርደሪያው መጣ።

ያልተፈታም አለ። የመድን ክፍያው ለጤና ጣቢያው ዘግይቶ ሲገባ መድኃኒት የሚገዛበት ብር ይደርቃል፣ እዚያ ላይ የእኛ ቦርድ ደብዳቤ ከመጻፍ ያለፈ ጉልበት የለውም። ላብራቶሪው መብራት ሲጠፋ ይቆማል። ሜትፎርሚን አሁን በአብዛኛው አለ፣ የልጆቹ ሽሮፕ ግን አሁንም እየመጣ ይጠፋል።

በሚቀጥለው ስብሰባ የያዝኩት ጥያቄ በዚህ ዓመት ሰው የገባባቸው ብሎኮች ስንት እንደሆኑ ነው። ወረዳው ቁጥሩን ከሰጠን የመድኃኒቱን ስሌት ከፍጆታ ብቻ ሳይሆን ከነዋሪው ቁጥር ጋር እናስተያያለን። ካልሰጠን የኮሚቴ ሰብሳቢዎችን ብሎክ በብሎክ እጠይቃለሁ፣ የእድሩ ዳኛም አብሬህ እዞራለሁ ብሏል።