ሜኸለን ዋልኩ

ዛሬ ቤልጂየም ውስጥ፣ በብራስልስና በአንትወርፕ መሃል ያለችውን ሜኸለንን ስዞር ዋልኩ። ሰው ሁሉ ብሩጅ ብሩጅ ይላል። እባካችሁ ይቺንም አትለፏት!

የቅዱስ ሩምቦልድ ካቴድራል ግንብ 97 ሜትር ይረዝማል። 538 ደረጃ በእግር ነው የሚወጣው። እ.ኤ.አ. በ1452 ሲጀመር ከዚህም በጣም እንዲረዝም ታስቦ ነበር፤ ሳይጨርሱት ቀረ። ወደ ላይ ስትወጡ መሃል ላይ ባለ አንድ ክፍል ትልቅ የእንጨት መንኮራኩር ቆሟል። ድሮ ሰዎች ውስጡ ገብተው በእግራቸው እያሽከረከሩ ከባድ ዕቃ ወደ ላይ ይጎትቱበት ነበር። የእነሱን ጉልበት ሳስብ የኔ ድካም ጠፋ።

ከዚያ በላይ ደወሎቹ አሉ። ካሪዮን ይባላል፤ 49 ደወል ያለው የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ተጫዋቹ የእንጨት ዘንጎቹን በጡጫ ይመታል፣ የትልልቆቹን ደወሎች ደግሞ በእግሩ ይረግጣል። ዘንጉ በሽቦ ከደወሉ ምላስ ጋር ተያይዟል። በዓለም የመጀመሪያው የካሪዮን ትምህርት ቤት የተከፈተው እዚሁ ነው፣ በ1922። መሥራቹ ዬፍ ዴኔይን ይባላል።

ከሰዓት ካዘርን ዶሲን ገባሁ፤ ድሮ የወታደር ካምፕ፣ በኋላ የናዚዎች ማጎሪያ የነበረ፣ አሁን ሙዚየም ያለበት ቦታ ነው። ከ1942 እስከ 1944 ናዚዎች ከ25 ሺህ በላይ አይሁዶችንና ሮማዎችን (ድሮ ጂፕሲ ይባሉ የነበሩትን ሕዝቦች) ከዚህ ካምፕ በባቡር ጭነው ወሰዱ። አብዛኞቹን ፖላንድ ውስጥ ወደነበረው የናዚ የሞት ካምፕ፣ ወደ አውሽቪትዝ። ሙዚየሙ ውስጥ ፎቷቸው ከታች እስከ ላይ የተደረደረበት ግድግዳ አለ። ሕፃናት ሞልተውበታል። ልቤ ተሰበረ። ፎቶ ላልተገኘላቸው ጥላ ብቻ ተቀምጧል፤ ፍለጋው ግን አልቆመም።

የምትሄዱ ካላችሁ ግንቡን ጠዋት ውጡት። ለዶሲን ሰፊ ጊዜ ተዉ፤ በጥድፊያ የሚታይ ቦታ አይደለም።