ጭስ ማውጫዎቹ ዛሬ ይታያሉ?

እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ የባሕር ዳርቻ ላይ ሰማዩንና ባሕሩን መመዝገብ ከጀመርኩ 14 ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ደብተር ገልጬ አነበብኩት። «ዛሬ ባሕሩ ያምራል»፣ «ዛሬም ያምራል»፣ «ደመና አለ»። ከአርባ ቀን በላይ እንዲሁ ነው። የቱ ቀን የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ለውጡ የመጣው ቋሚ ምልክት ስይዝ ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው የእግር መንገድ ቆሞ ወደ ሰሜን ለሚያይ ሰው፣ በሐዴራ ከተማ ያለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ። ረጅሙ 300 ሜትር ነው። ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው። ዝናብ ጥሎ ባባራ ማግስት ጥርት ብለው ቅርብ ይመስላሉ። በበጋው ወበቅ ይደበዝዛሉ። የምሥራቁ ነፋስ የበረሃ አቧራ ይዞ ሲመጣ፣ እዚህ ሻራቭ በሚሉት ቀን፣ ጨርሶ የሉም።

ሁለተኛው ምልክቴ ጡጫዬ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ስትጨብጡ፣ ጡጫችሁ ሰማዩ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። በታኅሣሥ ጀምበር በደቡብ ምዕራብ በኩል 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ጠለቀች። በሰኔ ወደ ማታው 2 ሰዓት ገደማ፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል። በሁለቱ መካከል ስድስት ጡጫ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ዕድሜዬን ሙሉ ጀምበር የምትጠልቀው አንድ ቦታ ይመስለኝ ነበር!

አንድ ስሕተቴን ልንገራችሁ። የባሕሩን ቀለም የምጽፈው ማታ ማታ ብቻ ነበር። ማታ ጀምበሯ ፊት ለፊት ስለሆነች ውሃው ያብረቀርቃል እንጂ ቀለሙ አይታይም። ጠዋት ከኋላችን ስትሆን ግን ባሕሩ ራሱን ያሳያል። ከማዕበል በኋላ ባለው ጠዋት ዳር ዳሩ ቡናማ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወዲያ ሰማያዊ ይሆናል። ድንበሩ አንዳንዴ በገመድ የተሰመረ ነው የሚመስለው።

የከበደኝ ቃሉ ነው። ለዝናብ ከጎንደር ይዘነው የመጣነው ሞልቶናል፦ ካፊያ፣ ወጨፎ፣ ዶፍ። (ዝናቡ እዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሚጥል፣ «ክረምት» ስል የአገሬን ሐምሌ ነው ወይስ የዚህን ጥር፣ አሁንም እደናገራለሁ።) ለባሕር ግን ብዙ ቃል የለኝም። አንድ ቀን እናቴን ይዣት ወረድኩ። ውሃው ጸጥ ብሏል፣ ካፊያ ጀመረ። ጠብታዎቹ ያረፉበት ሁሉ ትንንሽ ጉድጓድ ይከፈታል፣ ይጠፋል፣ ሌላው ይከፈታል። እናቴ ትንሽ አየችና «ዓይን እያወጣ ነው» አለች፣ ምጣድ ላይ እንዳለ እንጀራ። እንደዚያው ጻፍኩት። ከ14 ወሩ ሁሉ የምወደው መስመር እሱ ነው።

አሁን ነፋስ ላይ ነኝ። በበጋ ማለዳ ባሕሩ ይተኛል፣ ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲሞቅ ሽውታው ከባሕር ይነሳል። መጀመሪያ የሚታየው ሩቅ ላይ ነው፦ ነፋሱ ውሃውን በነካበት ቦታ ወለሉ ሽብሽብ ብሎ ይጠቁርና ጥቁረቱ ወደ ዳር እየሮጠ ይመጣል። ለዚያ ጥቁር ቦታ ስም አላገኘሁለትም። ጣና ዳር ያደጋችሁ፣ ምን ትሉታላችሁ?